የሂተሩ ፋንና የአንድ ልጅ ሐቅ



ድሬዳዋ ላይ «የመኪናዬ ሂተር ተበላሸ» ብትሉ የሚሰማችሁ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። «ምን ልታሞቅበት ነው አቦ?» ይላችኋል። አይፈረድበትም። በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ከዚራ ጥላ ስር ቆሞ የዋለ መኪና መሪው እንኳን እጅ ያቃጥላል። እኔም ይህ ነገር እስኪደርስብኝ ድረስ ሂተር የሚባለውን ቁልፍ ከዓመት ዓመት አልነካውም ነበር። የነፋስ ማብሪያውን ግን ሁልጊዜ እነካዋለሁ፤ ሁለቱ የሚሠሩት በአንድ ፋን መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሙቅ አየር ፈለጋችሁ፣ ቀዝቃዛ አየር ፈለጋችሁ፣ የደመና ቀን መስታወታችሁ በእንፋሎት ተሸፈነ፣ አየሩን የሚገፋው ከክሩስኮቱ ስር የተቀመጠ አንድ ትንሽ ሞተር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ረመዷን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ሐረር ያለችው አክስቴ ዘንድ ልናፈጥር ተቀጣጥረን፣ ዐስርን ሰግደን፣ እናቴን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ለማታውቁት፦ ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ 1850 ግድም። መሀላቸው ያለው ደንገጎ ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ስለዚህ ሐረር ለመድረስ ከሐረር በላይ ትወጡና በአዴሌ፣ በሐረማያ፣ በአወዳይ አድርጋችሁ ትወርዳላችሁ። ዳገቱ ጥምዝምዝ ነው። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ፊታችሁ ከገባ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ መጎተት ነው፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዝ የፊት ነፋስ አታገኙም።

መኪናዬ በፈረንጆቹ የ1990ዎቹ ሥሪት ኮሮላ ናት። ከአባቴ የወረስኳት ናት፤ አላህ ይዘንለት። ኤሲዋ ከሞተ ቆይቷል። አባቴ የሸመንደፈር ሰው ነበር፣ ዕድሜውን በባቡሩ ወርክሾፕ የጨረሰ፤ ደንገጎን ስለመውጣት ያስተማረኝ አንድ ነገር ነበር። የሙቀት ጌጁ ከመሀል ማለፍ ሲጀምር መስኮቶቹን በሙሉ ክፈት፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርግ፣ ነፋሱን አራት ላይ ክፈት። በጾም አፍ፣ በዚያ ሙቀት ላይ ሌላ እሳት ፊታችሁ ላይ መልቀቅ እብደት ይመስላል። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ሂተር ማለት ከክሩስኮቱ ኋላ የተቀመጠ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በውስጡ ያልፋል፤ ፋኑ አየር ሲገፋበት ሙቀቱ ከውሃው ወጥቶ እናንተ ላይ ይመጣል። እናንተ ስትቃጠሉ ሞተሩ ይተነፍሳል።

ጌጁ ወጣ። መስኮቶቹን ከፈትኩ፣ ሂተሩን አዞርኩ፣ ነፋሱን አራት ላይ አደረግኩ። ምንም የለም። ድምፅ እንኳን የለም። ደንገጎ ልንገባ ጥቂት ኩርባ ሲቀረን ጌጁ ቀዩን ነካ፤ ዳር ይዤ አቆምኩ።

ኮፋኖውን ከፍቼ እናቴን ከአንድ ግራር ስር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ደም ግፊት አለባት። ሐኪም ስለ ጾሟ የነገራትን እኔና እሷ በየዓመቱ የምንከራከርበት ጉዳይ ነው፤ በየዓመቱ የምታሸንፈው እሷ ናት። የጋለ ራዲያተር ክዳን እንደማይከፈት አውቃለሁና ከመጠበቅ በቀር የምሠራው አልነበረም። መግሪብ እዚያው ደረሰ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞ ተምርና አንድ ላስቲክ ውሃ ሰጠን፤ ራሱም ከእኛ ጋር አፍጥሮ ሄደ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ነፋሻ ቦታ አፈጠርን» አለች፤ የምሯን ነው። ሲበርድልን ወደ ፊት መቀጠሉን ፈርቼ ዞርኩና ቁልቁል ድሬ ገባን። የአክስቴ ሾርባ ሐረር ቀረ።

እናቴ አልተናደደችም። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፣ ንዴቴም የሚያርፍበት ሰው ፈለገ። ሰውየውን ለማግኘት ብዙ አልቆየሁም።

ሸዕባን መጨረሻ ላይ መኪናዋን ሬዲዮ ለማስተካከል አንድ ጋራዥ አስገብቻት ነበር። የሠራው ረዳቱ ነው፤ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ። ግማሽ ቀን ሙሉ ጭንቅላቱን ከክሩስኮቱ ስር ከትቶ፣ እግሩን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ሲሠራ አይቼዋለሁ። ከሳምንት በኋላ ነፋሱ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት አልሠራ አለ፤ አራት ላይ ብቻ እየጮኸ ይዞራል። ከዚያ ደንገጎ ላይ ጭራሽ ሞተ። በማግሥቱ ቫልቮላው መቃጠሉን አየሁና ሌላ ገዝቼ አስገባሁ፤ ስከፍተው ያኔውኑ ተቃጠለ። ሌላ ጨመርኩ፣ እሱም ተቃጠለ።

አንድ ወዳጄ «ተወው፣ በቫልቮላው ፈንታ ሽቦ እሰርበት» አለኝ። እዚህ ላይ ከታሪኩ ወጣ ልበልና፦ ይህን ምክር የሚሰጣችሁን ሰው አትስሙ። ቫልቮላ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ቫልቮላው ላይ ከተጻፈው አምፔር የበለጠ ካስገባችሁ ወይም ሽቦ ካሰራችሁ ቀጥሎ የሚቃጠለው ከክሩስኮቱ ስር ያለው ገመድ፣ ከዚያም ምንጣፉ፣ ከዚያም መኪናው ነው።

ሌላው ወዳጄ ግን እኔ መስማት የፈለግኩትን ተናገረ። «እነዚህ ልጆች ኦሪጅናሉን አውጥተው አሮጌ ይከቱልሃል፤ ሬዲዮ ሲሠራ ምን አመጣው እዚያ ሥር?» አለኝ። ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ከተራዊሕ በኋላ መስጂዱ ፊት ለፊት ሻይ የምንጠጣ ሰባት ስምንት ሰዎች አለን። እዚያ አወራሁት። የጋራዡን ስም ጠራሁ፣ የልጁን ስም ጠራሁ። «ይመስለኛል» አላልኩም፤ «ሞተሬን ቀየረብኝ» ነው ያልኩት። እናቴ በረመዷን መንገድ ላይ የቀረችበትን አሳዝኜ ጨመርኩበት። ሁሉም «ሱብሐነላህ» አለ። ቁርኣን ሲቀራበት ከነበረው መስጂድ ከወጣን ሃያ ደቂቃ አልሞላንም ነበር።

ቅዳሜ ፈጅርን ሰግጄ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሞተሩን ራሴ ላወርደው ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለመጠገን አልነበረም። አሮጌውን ሞተር አውጥቼ በፌስታል ይዤ ሄጄ የጋራዡ ባለቤት ፊት ላስቀምጠው ነበር። ማስረጃ ፍለጋ ነው የከፈትኩት።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቀልኩ። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የክሩስኮት ኪስ ሁለት ጎኑን ወደ ውስጥ ጨምቄ አወረድኩት። ከኪሱ በታች፣ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ፣ ክብ ነገር ወደ ምድር ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ሞተሩ ያ ነው። ሁለት ገመድ ያለው ሶኬት አለው፤ ስነቅለው አንድ ጎኑ ቀልጦ ጠቁሯል። ከዚያ ሦስት ብሎን። ሁለቱ በተራ ካቻቢቴ ወጡ። ሦስተኛው ከኋላ ተደብቆ አንገቴን ሊሰብረኝ ደረሰ፤ አጭር ካቻቢቴ ከጎረቤት ተዋስኩ። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እግሬን ወንበሩ ላይ ሰቅዬ ነው የሠራሁት፤ ሌላ አኳኋን የለም። ልጁም እንደዚያ ሆኖ ነበር ያየሁት።

የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ሞተሩ ከነፋኑ ወረደ፣ ከእሱ ጋር አንድ እፍኝ ቅጠልና አፈር ፊቴ ላይ ተዘረገፈ።

ቅጠሉን ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጭን፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሳለ፤ ኒም ነው። በራፌ ላይ ትልቅ ኒም አለ። ለጥላው ብዬ ዓመት ሙሉ መኪናዬን ከሥሩ አቆማለሁ። በየካቲትና በመጋቢት ኒም ቅጠሉን ያራግፋል። የመኪና አየር የሚገባው ደግሞ ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ ኮፋኖው ከሚያልቅበት ካለው ወንፊት ነው፤ የእኔዋ መኪና ቅጠሉን የሚይዝ ፊልተር የላትም። ልጆቼ በጎማ ቧንቧ ሲያጥቧት ውሃው ቅጠሉንና አቧራውን ጠርጎ ወደዚያው ያስገባዋል። ውስጥ ይቦካል፣ በሙቀቱ ይደርቃል። ፋኑ ዙሪያውን ቀጫጭን ክንፍ የተሰካበት ከበሮ ነው፤ ክንፎቹ መሀል የነበረው ነገር ጭቃ ሆኖ ደርቆ ጡብ ሆኗል። በጣቴ ላዞረው ሞከርኩ። ንቅንቅ አይልም።

ያን ጊዜ የሆነው ሁሉ ተራ በተራ ገባኝ። ከአንድ እስከ ሦስት ያለውን ፍጥነት የሚሰጠው ሬዚስተር የሚባል ትንሽ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪኩን አንቆ ያቀጥነዋል፣ በዚያ ሥራው ይግላል። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች የአየሩ መንገድ ውስጥ ነው ያስቀመጡት፤ ፋኑ ራሱ እያራገበ እንዲያቀዘቅዘው። አየሩ በቅጠል ሲታፈን የሚያቀዘቅዘው አጣና ተቃጠለ። አራተኛው ፍጥነት በሬዚስተሩ ስለማያልፍ እሱ ብቻ ቀረ። ከዚያ ጭቃው ፋኑን ቀስ በቀስ ያዘው። እንዲህ ያለ ሞተር በሙሉ ፍጥነት 15 አምፔር ቢስብ፣ በ12 ቮልት 180 ዋት ነው። ተይዞ መዞር ሲያቅተው ግን የሚስበው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሶኬቱ ቀለጠ፣ ቫልቮላው ተቃጠለ። ሌባ አያስፈልገውም። አንድ ዛፍና ዛፉ ስር የሚያቆም አንድ ሰው ይበቃዋል።

እስካሁን ድረስ ግን «ሞተሩ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል» የሚል ነገር ውስጤ ነበር። ሰው ያወራውን በቀላሉ አይለቅም። ጭቃውን በጨርቅ ስጠርግ ከሞተሩ ቆርቆሮ ላይ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ቀለም ነው፣ በቀጭን ብሩሽ የተጻፈ፦ «ካርቦን ተቀየረ፣ ሸዕባን 1431»።

የአባቴ እጅ ነው። የሚፈታውን ነገር ሁሉ ሳይጽፍበት አይገጥምም ነበር፤ ከሸመንደፈር ያመጣው ልማድ ነው። የቤታችን የውሃ ፓምፕ ላይ አለ፣ የእናቴ ስፌት መኪና ሆድ ላይ አለ። 1431 ማለት በእኛ አቆጣጠር የ2002 ክረምት ነው። ሞተሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቦታው አልተነሳም። ማንም አልነካውም።

ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ሬዲዮው አልቆ ቁልፉን ሲሰጠኝ ልጁ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። «ጋሼ፣ ከኪሱ ስር ድምፅ አለው፤ ቅጠል ሳይገባበት አይቀርም፣ ልክፈተው?» ብሎኛል። እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ። «ሬዲዮውን ብቻ ነው ያልኩህ» ብዬው ሄድኩ። ይህን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ማለቴ፣ አውቃለሁ።

ጥገናውን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ የሚጠቀምበት ካለ። ፋኑን ከሞተሩ ነቅዬ በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት፤ ፋኑን ውሃ ቢነካው ግድ የለም፣ ሞተሩን ግን በደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው። ካርቦኖቹን አየኋቸው፣ ገና ርዝመት አላቸው። ቦኮላው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨመርኩ፤ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ዘይት ከበዛ አቧራ ይሰበስባል። ከባትሪው በሁለት ገመድ፣ መሀሉ ላይ ቫልቮላ አድርጌ ሞከርኩት። ዞረ። ጓዳ የነበረችው እናቴ ድምፁን ሰምታ «ምን በረረ?» አለች። የቀለጠውን ሶኬት ቆርጬ በአዲስ ተካሁ። ሬዚስተሩ ሱቆች ውስጥ ቶሎ አልተገኘም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሞተሩን ገጥሜ እንደጨረስኩ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ልጁ የለም። ባለቤቱ ያወራሁት ወሬ ከአንድ ደንበኛ አፍ ደርሶት «ለጊዜው ቤትህ ቆይ» ብሎ አሰናብቶታል። አራት ቀን ሆኖታል። አራት ቀን! እኔ ሻይ ይዤ ያወራሁት ከእኔ በፊት ጋራዥ ደርሷል። ለባለቤቱ ሁሉንም ነገርኩት፣ ያነሳሁትን የሞተሩን ፎቶ አሳየሁት። ጽሑፉን አንብቦ ብዙ ዝም አለና «ጥሩ ነው የነገርከኝ፤ ግን በቦታው ሌላ ልጅ አስገብቻለሁ» አለኝ።

ሰፈራችን ያለ አንድ ኡስታዝ ጋ ሄጄ ምን እንዳለብኝ ጠየቅኩ። ስለ ሐሜት ብዙ ያስተምረኛል ብዬ ነበር፤ አላስተማረኝም። «ያወራኸው የት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «እዚያው ተመለስና መልሰው። ልጁ ያጣው ገንዘብ ካለ ደግሞ ዕዳህ ነው፤ ዕዳ በዱዓ አይከፈልም» አለና ወደ ኪታቡ ተመለሰ።

በዚያው ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ ሻዩ ቦታ ላይ፣ በስሙ ጠርቼ፣ ልጁ ምንም እንዳላደረገ ተናገርኩ። ሲያወራ አፌ እንደዚያ አልከበደኝም ነበር። ከሰባቱ አንዱ ሳቀ። አንዱ «ኧረ ተወው፣ ይህኛውን ባይሠራ ሌላ ሠርቷል» አለ፤ እሱን ስሰማ ከቀናት በፊት የነበረ ራሴን አየሁት። ሦስቱ በዚያ ሌሊት አልነበሩም። ሁለቱን አገኘኋቸው፣ ሦስተኛው ጅጅጋ ሄዷል፤ በስልክ ነገርኩት። እነሱ ለማን እንደነገሩ ግን እኔ አላውቅም፣ እነሱም በትክክል አያስታውሱም።

ልጁን ያገኘሁት ሳቢያን ነው፣ አንድ ባጃጅ ሥር ተኝቶ። ቀን በቀን ሒሳብ ለአንድ ባጃጅ ጠጋኝ ይሠራል። ሲያየኝ ተነሳና እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ አልጨበጠኝም። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ያስጠነቀቀኝን እንኳን እንደረሳሁት። «አፉ በለኝ» አልኩት። መሬት መሬት እያየ ቆየና «ጋሼ፣ እኔ አፉ ብያለሁ። እናቴ ግን ሌባ ተብዬ የተባረርኩ መስሏታል። ለሷ አንተ ንገራት» አለኝ።

ያን የመሰለ መንገድ ተራምጄ አላውቅም፤ ሁለት መቶ ሜትር ግን አይሞላም። እናቱ በር ላይ ለኢፍጣር ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ ልጇን አይታ «ነገርኩህ አይደል፣ አላህ ያወጣዋል አላልኩህም?» አለችው፤ ለእኔ ምንም አላለችኝም። የሥራ ቀኖቹን አስቤ የያዝኩትን ገንዘብ ለልጁ ስሰጠው እምቢ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር። ተቀበለኝ፣ ፊቴ ቆጠረው፣ ኪሱ ከተተው። ደስ አለኝ።

ሬዚስተሩን ያገኘልኝ እሱ ነው። ከአንድ የተጋጨ ኮሮላ ላይ ነቅሎ አመጣልኝ፣ ገጠመው፣ ዋጋውንም ሳያጋንን ተቀበለኝ። መስታወቱ ግርጌ ያለው ወንፊት ላይ የወባ ትንኝ መከላከያ የመሰለ ቀጭን ሽቦ ከውስጥ እንድሰፋበት የነገረኝም እሱ ነው፤ ሰፍቼበታለሁ። ራዲያተሩንም አስጠረግኩ። መኪናዬን ከኒሙ ስር አንስቼ ፀሐይ ላይ ለሁለት ቀን አቆምኩና መሪውን መያዝ ሲያቅተኝ መለስኳት። አሁን ጠዋት ጠዋት ወንፊቱን በእጄ እጠርጋለሁ።

ይህን የጻፍኩት በልጁ ፈቃድ ነው። ስሙን አትጥቀስ፣ ጋራዡንም አትጥቀስ ብሎኛል። ወሬውን የሰሙ ሰዎች ግን ራሳቸውን ያውቃሉ፤ ከእነሱ መሀል ይህን ገጽ የሚያነብ አይጠፋም። ስለ ሬዲዮ የሚሠራ ልጅና ስለ ተቀየረ የኮሮላ ሞተር በረመዷን የሰማችሁ ካላችሁ፣ ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው። ለማን እንደነገራችሁ ካስታወሳችሁ እባካችሁ ይህን ላኩለት። ልጁ እስካሁን ባጃጅ ሥር ነው፤ መኪና የሚያሠራ ሰው ሳቢያን መጥቶ ቢጠይቀኝ ቤቱን አሳየዋለሁ።

ለዒድ በሦስተኛው ቀን ሐረር ወጣን። ደንገጎ ሥር አንድ የሲሚንቶ መኪና ፊታችን ገባ፣ ጌጁ መሀሉን አለፈ። መስኮቶቹን ከፈትኩ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ፣ ነፋሱን አራት ላይ አደረግኩ። እሳቱ ፊታችን ላይ መጣ፤ የተረፈች አንዲት የኒም ቅጠልም ከነፋሱ ቀዳዳ ወጥታ የእናቴ ሻሽ ላይ አረፈች። እናቴ ቅጠሏን አንስታ አየቻት፣ በመስኮት ጣለቻትና «ልጄ፣ ይህን ጀሀነም አጥፋልኝ» አለች። ጌጁ መውረድ ጀምሮ ስለነበር ትንሽ ታገሺኝ አልኳት።